ትእዛዙን ማን ይፈጽመዋል?

አንድ ዳኛ የመፈቻ ትእዛዝ ሲጽፍ ወረቀቱ የሚሄደው ሩቅ አይደለም። ከችሎት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ማረሚያ ቤት። እዚያ ያለው ኃላፊ ማኅተሙን አይቶ በሩን ይከፍታል። ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለዚህ በር ብዙ አይወራም። የሚወራው ስለ ሥልጣን ክፍፍል፣ ስለ ዳኞች ነጻነት፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 79 ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰው አልከፍትም ቢልስ? ይሄን አብዛኛው የሕግ ሰው የሚማረው ተመርቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው።

ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ተማሩት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ተሰንጥቆ የተሸነፈው ወገን ከፓርቲው ሲባረር፣ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። መዝገቡ የደረሰው ወ/ሪት ብርቱካን ዘንድ ነው። ዳኛዋ ክርክሩን ሰምተው ዋስትና ፈቀዱ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተከሰሰ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል የአዋጅ ማሻሻያ ጸደቀ።

ትናንት ባለሥልጣን የነበረ ሰው ሲታሰር «የእጁን ነው ያገኘው» የሚል በየሰፈሩ አይጠፋም። ሊሆንም ይችላል። ዳኛዋ የተጠየቁት ግን ሰውየው ይወደዳል ወይስ ይጠላል ተብሎ አልነበረም። በሥራ ላይ ባለው ሕግ ይህ ሰው በዋስ መውጣት ይችላል ወይስ አይችልም? መልሱ «ይችላል» ሆነ፤ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከችሎቱ አጥር ውጭ ነው። መጀመሪያ ትእዛዙ አልተከበረም፤ ቀጥሎ ትእዛዙ የተመሠረተበት ሕግ ራሱ ተቀየረ። ለአንድ ጎረምሳ ቁመት ተለክቶ እንደሚሰፋ ሱሪ ያለ ሕግ ነው፤ ችግሩ ሱሪውን ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ሰው እንዲለብስ መደረጉ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን የጥብቅና ፈቃዱን ይዞ ውልና ውርስ ሲከራከር ይኖር ነበር፤ የሚያስነውርም አይደለም። ወ/ሪት ብርቱካን ግን የሄዱት ወደ ፖለቲካ ነው። የእሳቸውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን «ከችሎት ወደ ትግል» ብለው እንደ ትልቅ መታጠፊያ ያዩታል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን መታጠፊያ የለም። በሩ ላይ የቀረው ጥያቄ ተከትሏቸው ሄዷል፣ ያ ብቻ ነው።

በ1997ቱ ምርጫ ቀስተ ደመና፣ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ቅንጅትን ሲፈጥሩ ወ/ሪት ብርቱካን ከቀስተ ደመና ነበሩ። የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበርም ሆኑ። ግንቦት 7 ቀን የሆነውን ለማስታወስ ዕድሜው የሚፈቅድለት ሁሉ ሰልፉን ያስታውሳል። ሰው በሌሊት ወጥቶ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ እስከ ማታ ድረስ ቆሞ ነው ድምፅ የሰጠው። ብዙዎች የሚያነሱት የፓርላማውን ቁጥርና የፓርላማውን ውዝግብ ነው። ከእሱ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ሌላ ቁጥር አለ። በአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ካሉት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን ወሰደ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የዋና ከተማ ነዋሪ ከተማውን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች እስከዚያ ድረስ እንዲህ በአንድ ድምፅ መርጦ አያውቅም ነበር። ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ተመረጡ። ግን ያ ምክር ቤት አንድም ቀን ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ቅንጅት ውስጥ «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ» የሚለው ክርክር ሁሉን ነገር ዋጠው። የምርጫው ውጤት ተሰርቋል ብሎ የሚያምን ፓርቲ ፓርላማ አልገባም ቢል ምክንያቱ ይገባል፤ ከገባበት ይልቅ ውጭ ሆኖ የበለጠ እጫናለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል። የከተማ አስተዳደር ግን ሌላ ነገር ነው። የቀበሌ ቤት አለ፣ ውሃ አለ፣ የመሬት ካርታ አለ፣ መታወቂያ አለ። ይህ ሁሉ ተከማችቶ የተሰጠ ሥልጣን ከፓርላማው ጋር በአንድ ጥቅል ታሰረ።

በእርግጥ መንግሥት ሥልጣኑን በሰላም ያስረክብ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የወጪው ፓርላማ በመጨረሻ ቀናቱ የምክር ቤቱን ደንብ መቀየሩ፣ አጀንዳ ለማስያዝ የግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያስፈልግ ማድረጉ፣ ጥርጣሬውን ከአየር ላይ ያልተያዘ ያደርገዋል። ቢሆንም አዳራሹ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ቁልፉን አምጡ» ማለትና ከውጭ ሆኖ «አይሰጡንም» ማለት አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ማስረጃ ይገኝለታል። ለሁለተኛው የሚቀርበው ግምት ነው። የሕግ ሰው ከማንም በላይ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ቅንጅት ውስጥ ደግሞ የሕግ ሰው አልጠፋም ነበር። ከተማዋ በመጨረሻ በተሾመ ባለአደራ አስተዳደር እጅ ገባች። በሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ ደግሞ ኢሕአዴግ ከ138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩ እንኳ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ባለቤቱ ነው።

በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ የሆነው የሚረሳ አይደለም። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ተለቅመው ታሰሩ። ክሱ ሕገ መንግሥቱን በኃይል ከመናድ እስከ የዘር ማጥፋት ሙከራ የሚደርስ ነበር። ከተከሳሾቹ አብዛኞቹ አንከራከርም አሉ። ጠበቃ አላቆሙም፣ መከላከያ አላቀረቡም።

ወ/ሪት ብርቱካንን በዚያ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ማሰብ ከባድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ሆነው ሲሰሙ የነበሩ ሰው ናቸው። ሥነ ሥርዓቱን ያውቁታል፤ ዐቃቤ ሕጉ ምን እንደሚል፣ መስቀለኛ ጥያቄ የቱ ጋ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ ማስረጃ ውድቅ መደረግ እንዳለበት ሳይነገራቸው ይታያቸዋል። እና ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የፖለቲከኛ ዝምታ ተቃውሞ ነው። የቀድሞ ዳኛ ዝምታ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ «ይህ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢሰጥም የሚፈጸመው እንዲፈጸም የተፈለገው ብቻ ነው» የሚል ምስክርነት ነው፤ ያውም ከዓይን እማኝ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ከአራት ቀን በኋላ፣ በእነ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ሽምግልና፣ በይቅርታ ተፈቱ።

ይቅርታው ራሱ ሌላ ወረቀት ነው፤ እንደ መጀመሪያው የመፈቻ ትእዛዝ ሁሉ ይህም አልጸናም። ቅንጅት ፈራርሶ ወ/ሪት ብርቱካን አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን በሊቀመንበርነት መምራት ከጀመሩ በኋላ፣ ወደ አውሮፓ ሄደው ስዊድን ውስጥ ስለ ይቅርታው ተናገሩ። ይቅርታው በሽማግሌዎች በኩል በተደረገ ድርድር የመጣ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። አገር ቤት ሲመለሱ ፖሊስ ጠርቶ ንግግራቸውን እንዲያስተባብሉ ሦስት ቀን ሰጣቸው። አላስተባበሉም። «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ ጻፉ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ተይዘው የዕድሜ ልኩ ፍርድ እንደገና ጸናባቸው። አዲስ ክስ የለም፣ አዲስ ችሎት የለም፣ ክርክር የለም።

«ምን ነበረበት አንድ አረፍተ ነገር ብትጽፍ?» ያለ ሰው ያኔ ብዙ ነበር፤ ዛሬም አለ። ቤት ውስጥ ገና ያላደገች ልጅ ነበረቻቸው፤ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሯቸው። በሰው ሚዛን ካየነው ጥያቄው ክፉ አይደለም። ከሕግ ሰው ሚዛን ግን ሌላ ነው። አንድ የፖሊስ ኃላፊ አንድን ዜጋ ጠርቶ የተናገርከውን በሦስት ቀን አስተባብል የማለት ሥልጣን ከየት አመጣ? ይህን ጥያቄ ሳያነሱ ማስተባበያውን መፈረም፣ በ1993 በፍርድ ቤቱ በር ላይ የሆነውን ትክክል ነበር ብሎ እንደመፈረም ይሆናል። ደግሞ የተናገሩት ውሸት አልነበረም። ሽማግሌዎች መኖራቸውን፣ ንግግር መደረጉን አገር ሁሉ ያውቃል።

ቃሊቲ በነበሩበት ጊዜ ውጭ ላይ አንድ ነገር ሆነ። አቶ ስዬ አብርሃ፣ ያ ዋስትና የተፈቀደላቸውና በር ላይ የተያዙት ሰው፣ ከዓመታት እስራት በኋላ ተፈትተው አንድነትን ተቀላቀሉ። ዳኛዋ የመሠረቱት ፓርቲ ውስጥ ተከሳሹ ገብተው ዳኛዋ ይፈቱ ብለው ይጠይቁ ጀመር። ልብ ወለድ ላይ ቢጻፍ «ይሄ ደግሞ በዛ» ይባል ነበር። በ2002ቱ ምርጫ አቶ ስዬ ተምቤን ላይ ተወዳድረው ተሸነፉ። ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች አንድ ብቻ ገባ፤ እሱም የአንድነቱ አቶ ግርማ ሰይፉ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። ወ/ሪት ብርቱካን የተፈቱት ምርጫው ካለፈ በኋላ መስከረም 26 ቀን 2003 ነው። ሁለቱ እስራት ሲደመር ከ3 ዓመት በላይ ይሆናል።

የአሜሪካው ዘመን በአጭሩ ይታለፍ። ሄዱ፣ ተማሩ፣ ከሃርቫርድ በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፣ ዝም አሉ። ዝምታቸው ዳያስፖራው ውስጥ ብዙ ሰው አስቀይሟል። መድረክ ሲጠበቅባቸው መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ናቸው።

ኅዳር 13 ቀን 2011 የተወካዮች ምክር ቤት የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ተጫዋች የነበሩ ሰው ዳኛ ሆኑ፤ ወይም በትክክል ለመናገር ወደ ዳኝነት ተመለሱ። ያኔ የነበረው ደስታ ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ የዋህ ይመስላል። እስረኛዋ የቦርዱን ማኅተም ያዙ፣ አለቀ፣ ምርጫው ተስተካከለ የሚል ስሜት ነበር። ማኅተሙ ግን ከሰኔ 1993ቱ ማኅተም የተለየ ኃይል አልነበረውም። አዋጅ 1133 ቦርዱን እንደገና አቋቋመ፣ አዋጅ 1162 የምርጫ ሕጉን አደሰ፤ ሁለቱም ከቀድሞው የተሻሉ ናቸው። ሆኖም ለምርጫ ክልል ቢሮ የሚሆን ክፍል የሚሰጠው ማን ነው? መኪና የሚያቀርበው? ጣቢያውን የሚጠብቀው? ክልል ነው፣ ዞን ነው፣ ወረዳ ነው፣ ቀበሌ ነው። ወ/ሪት ብርቱካን ከ6ኛው ምርጫ በፊት ክልሎች ቢሮና ትራንስፖርት በጊዜው እንዳላቀረቡ በአደባባይ ሲናገሩ ነበር። ምርጫው ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 የተገፋውም ዝግጅቱ ስላልደረሰ ነው። የብሔራዊ ተቋም ሰብሳቢ የቀበሌ ሊቀመንበር ክፍል እንዲከፍትላቸው ሲለምኑ ማየት፣ ስለ አገሪቱ ፖለቲካ ከብዙ ትንታኔ በላይ ይናገራል።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚገርመው የባልደራስ ጉዳይ ነው። አቶ እስክንድር ነጋና ሌሎች የፓርቲው አመራሮች እስር ላይ እያሉ ዕጩ ሆነው እንዲመዘገቡ ተጠየቀ። ቦርዱ አልመዘግብም አለ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሄደ፤ ችሎቱ ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። የቦርዱ የመጀመሪያ መልስ ምን ነበር? የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ስለታተመ ለመፈጸም ይቸግራል።

ያንን መልስ ያነበበ፣ የሰውየዋን ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ለአፍታ መቆሙ አይቀርም። ዳኛ ሆነው ትእዛዛቸው በር ላይ የቀረባቸው ሰው አሁን በሩ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ ወረቀት ታትሟል፣ ጊዜ የለም፣ ገንዘብ ያባክናል። ትእዛዝ የማይፈጽም ሰው ሁሉ ግን ምክንያት አለው። በ1993 አቶ ስዬን የያዘውም ቢጠየቅ ምክንያት አያጣም ነበር። ከቀናት በኋላ ቦርዱ ሐሳቡን ቀይሮ ውሳኔውን እንደሚፈጽም አስታወቀ። እስረኞቹ ዕጩ ሆኑ፣ ስማቸው ለአዲስ አበባ መራጭ ቀረበ፣ ተሸነፉም። ስለ ወ/ሪት ብርቱካን የቦርድ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ይመረጥ ቢባል ይሄ ነው መመረጥ ያለበት። አንድ የመንግሥት ተቋም በፍርድ ቤት ተሸንፎ፣ አንገራግሮ፣ በመጨረሻ ታዘዘ። በሌላ አገር ዜና አይሆንም።

በምርጫው ዕለት በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪሎች ከጣቢያ መባረራቸውን የተናገሩት ራሳቸው ሰብሳቢዋ ናቸው። ይህም ከበፊቶቹ ቦርዶች የተለየ ነው። መናገር ግን ማስቆም አይደለም። ውጤቱ ሲገለጽ ብልፅግና ከ436 መቀመጫ 410 ወሰደ። ትግራይ አልመረጠችም። ትግራይ ቀደም ብላ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ቦርዱ በሌለበት፣ በራሷ ኮሚሽን መርጣ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣውን ጦርነት ማንም አይረሳውም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ሕወሓት ሕጋዊ ሰውነቱ እንዲመለስለት ሲጠይቅ ቦርዱ በግንቦት 2015 «ሕጉ የተሰረዘን ፓርቲ ለመመለስ የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም» በሚል አልተቀበለውም። ብዙ ሰው ግትርነት አለው። እንደ ሕግ ንባብ ግን የሚነቀፍ አይደለም። ፖለቲካው የተለየ መልስ ከፈለገ ሕጉን ማሻሻል የፓርላማው ሥራ ነው፤ በኋላም የሆነው ይኸው ነው። ለአንድ መዝገብ ሲባል ሕግ መቀየሩ ግን ለወ/ሪት ብርቱካን አዲስ አልነበረም።

ሰብሳቢዋን ከሁለት በኩል የሚወቅሱ አሉ። አንደኛው ወገን ለገዥው ፓርቲ መልካም ስማቸውን አበደሩ ይላል። ሌላው ወገን በአንቀጽ ላይ ሙጭጭ ብለው አገር አስቸገሩ ይላል። ሁለቱም ሰዎች ስለ አንድ ወንበር ነው የሚያወሩት። ሕዝበ ውሳኔዎቹን ያየ ግን ወንበሩ ምን ያህል ብቻውን እንደነበረ ይረዳል። የሲዳማው ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲደረግ በአንጻራዊ ሰላም አለፈ፤ ሻፌታና ጎጆ ምልክት ሆነው ከ98 በመቶ በላይ የመረጠው ሻፌታን ነው። የዞኑ አስተዳደር ራሱ ውጤቱን ስለሚፈልገው ተባበረ። ይህ መታለፍ የሌለበት ነጥብ ነው። ታች ያለው አስተዳደር የሚፈልገው ምርጫ ላይ የቦርዱ ትእዛዝ ይሮጣል፤ በማይፈልገው ላይ ይሰንፋል።

በሕግ ደረጃ ያሉ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ደግሞ ጭራሽ አልተነኩም። በአገር አቀፍ ደረጃ የቀበሌ ምርጫ የተደረገው በ2005 ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተላለፈ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ዝም። ለዚህ ተጠያቂው ቦርዱ ብቻ አይደለም፤ የበጀትና የጸጥታ ጉዳይ አለው። ሆኖም በእሳቸው ዘመን ከጎደሉት ነገሮች ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የምርጫ ጣቢያ ቁልፍ የሚይዘው፣ ወኪል የሚያባርረው ወይም የሚያስገባው፣ «አንተ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደለህም» የሚለው ሰው ራሱ ተመርጦ አያውቅም። ከ40 ሺህ በላይ ጣቢያ ያለው አገራዊ ምርጫ እሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ጥር 29 ቀን 2015 በደቡብ ክልል ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከእነዚህ አንዱ የወላይታ ዞን ነው። ቦርዱ በዞኑ ከባድ የሕግ ጥሰት መፈጸሙን አረጋግጦ የወላይታን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፤ እንደገና ይመረጥ አለ። በሰኔ ወር መጀመሪያ ወ/ሪት ብርቱካን በጤና ምክንያት ከኃላፊነታቸው እንደሚለቁ አስታወቁ። ሰኔ 12 ቀን የወላይታ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ካርዱን ይዞ ተሰለፈ።